የኔታ በኅዳጉ ላይ የጻፉት

አጎቴ መሪጌታ ወልደአረጋይ መጽሐፍ ዝም ብለው ማንበብ አይሆንላቸውም ነበር። ሌላው ሰው መጽሐፍ ያነባል፤ እሳቸው ይሟገቱታል። ቀለምና ብዕራቸውን ከጎናቸው አድርገው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ይቀመጡና ገና ከመጀመሪያው ገጽ ጠቡ ይጀመራል። "ውሸታም" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው "ይችስ እውነት ናት" ይላሉ። ከዚያ ያሉትን ሁሉ በኅዳጉ፣ ማለት ከጽሕፈቱ ግራና ቀኝ በተረፈው ባዶ ቦታ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። እኔ የእህታቸው ልጅ ደመቀች ነኝ። ከባሌ ተፋትቼ ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ ምግባቸውንም ጠባያቸውንም የማውቅ እኔ ነበርኩ። አጎቴ ቢሆኑም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምላቸው።

አንኮበር ላይ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። የቅኔ መምህር ሲባል እንግዲህ ተማሪው ቅኔውን ይዞ ፊቱ ሲቆም ሳያርም ቢያሳልፈው የበላው የማይረጋለት ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያርሙ ኖረው፣ በስተርጅና በማተሚያ የታተሙ የአማርኛ ግጥሞችና ልብ ወለዶች ሲመጡላቸው እነሱንም ያርሙ ጀመር። ደራሲው አዲስ አበባ ተቀምጦ አይሰማ፣ አይመልስ። እሳቸው ግን እንደ ተማሪ ፊታቸው ያቆሙት ነበር የሚመስላቸው።

መጻሕፍቱን የሚያመጣላቸው ረሺድ ነው። ረሺድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነበር፤ ከቆላ ጥጥና በርበሬ ያወጣል፣ ከአዲስ አበባ ጨርቅና ሳሙና ይዞ ይመለሳል። ቁርኣን ይቀራል እንጂ የእኛን ፊደል አይለይም። ስለዚህ ውለታውን በንባብ ነበር የሚቀበለው። ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ቤታችን ጎራ ይልና በቅሎዎቹን ከአጥሩ አስሮ፣ "እስቲ መሪጌታ፣ ያለፈው ሰውዬ ምን ደረሰ?" ይላል። የኔታ ያነቡለታል። እሱም አስተያየት አለው። ሁለቱ ሲከራከሩ ላያቸው የርስት ሙግት ይመስሉ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጓዳ ሆኜ ተማሪዎቹ ሲሉ እየሰማሁ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ኅዳጉን ነበር የምወደው። "የገብስ እሸት" የሚባል የግጥም መድበል ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኔታ፣ "ይህ ገጣሚ ገብስን የሚያውቀው ጠላ ከሆነ በኋላ ነው" ብለው ጽፈዋል። ከመካከሉ ስለ አንዲት ልብስ አጣቢ የተገጠመች አጭር ግጥም አለች። ከጎኗ፣ "ይህችኛዋ ታምራለች። ለምን እንደምታምር አላወቅኩም፤ ነገ እንደገና አነባታለሁ" ይላል። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ "አነበብኳት። ዛሬም አላወቅኩም" የሚል አለ። እኒህ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሰው አላወቅኩም ያሉበት ቦታ ይህ ብቻ ስለሆነ ገጹን እያወጣሁ አየው ነበር።

እዚያው መድበል ውስጥ ነው የጅቡ ግጥም ያለው። ጅብ ከሰው ቤት ገብቶ በግ ይወስዳል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤

ጅብ ከቤቴ ገብቶ በጌን ሲወስዳት፣
ቁጭ ብዬ አለቀስኩ በጣም ስወዳት።

እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለት ስንኝ ይሄዳል። የኔታ ሲያነቡት ደም ሥራቸው ተገተረ። ረሺድ ሳቁ እስኪያስለው ሳቀና፣ "ጅቡስ ጅብ ነው፤ ሰውየውን ምን ነካው?" አለ። የኔታም ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ፤ "አሥራ ሁለት ስንኝ ሙሉ ከሚያለቅስ ተነሥቶ ዱላ አያነሣም? ጅብ በዕንባ አይወጣም። ቤቱ የራሱ አይደለም ወይ?" ይህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጣሊያን ገና በምድራችን አልነበረም። ነገሩ የግጥም ነገር ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

በዓመቱ "ሰው በገዛ ደጁ" የሚል ልብ ወለድ መጣ። ይህን ሲያነቡ የኔታ ዝም አሉ፤ ዝም ካሉ ወደውታል ማለት ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ብርሃነ መስቀል የሚባል ገበሬ ነው። የጭቃ ሹሙን በሬ በንዴት ይገድላል። ሹሙ የብርሃነ መስቀልን ጎረቤት ጠርጥሮ በጠራራ ፀሐይ ሊያስይዘው ይመጣል። ብርሃነ መስቀል ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ከበሩ መወርወሪያ ላይ አድርጎ፣ ጎረቤቱ ሲጎተት ይሰማል። ልውጣ አልውጣ ሲል አራት ገጽ ይፈጃል። አይወጣም። የኔታ ከአራተኛው ገጽ ኅዳግ ላይ፣ "አራት ገጽ ምን ያደርጋል? አንድ ይበቃው ነበር። ይህ ሰው ፈሪ ነው። እኔ ብሆን እወጣ ነበር" ብለው ጻፉ።

ረሺድ ይህን ሲነበብለት እንደ ጅቡ አልሳቀም። ጢሙን እያሻሸ፣ "መሪጌታ፣ በሩ የእርስዎ ስላልሆነ ነው" አለ። የኔታ ተቆጥተው በዚያ ቀን ሌላ ምዕራፍ አላነበቡለትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያለሱ የሚከተለው አይገባም። የኔታ መጽሐፍ በጨረሱ ቁጥር የመጨረሻው ገጽ ላይ እንደ ብራና ጸሐፊዎች ወግ ይፈርሙ ነበር፤ "አንብቤ ፈጸምኩ፤ እኔ ኃጢአተኛው ገብረመንፈስቅዱስ።" ይህ የክርስትና ስማቸው ነው። በጸሎት የሚታሰቡት በሱ ነውና እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓለም ስም አይፈረምም። የክርስትና ስም ደግሞ በአደባባይ የሚጠራ አይደለም፤ ከነፍስ አባትና ከቤተ ሰብ በቀር የሚያውቀው የለም። ከኛ ሌላ የሚያውቀው ረሺድ ብቻ ነበር፤ ስንት መጽሐፍ እስከ ፊርማው ድረስ ተነቦለታል።

ጣሊያን በሃያ ስምንት ገባ። በሃያ ዘጠኝ የካቲት አዲስ አበባ ላይ የሆነው ከሆነ በኋላ ፊደል የለየ ሰው ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ካህኑ፣ አዝማሪው፣ ባሕታዊው ሳይቀር ይያዝ ጀመር። በሠላሳ መስከረም ላይ ከደብረ ብርሃን ዘርአ ዳዊት የሚባል አስተርጓሚ ሁለት ወታደር አስከትሎ ቤታችን መጣ። እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ ሰጠ። የጣሊያኑ ካፒቴን ጠንካራ አንባቢ እንደሚፈልግና ሰው ሁሉ የየኔታን ስም እንደነገረው አስረዳ።

"ባልሄድስ?" አሉ የኔታ።

"ደብሩ ይጠየቃል" አለ ዘርአ ዳዊት፣ ዐይኑን ወደ መሬት አድርጎ።

ጓዛችንን ለመሸከፍ እንኳ ጊዜ አላገኘንም። መጻሕፍቱን ረሺድ አልዩ አምባ ወስዶ ከጥጡ መጋዘን ሸሸጋቸው። እኔ ተከትዬ ወጣሁና ደብረ ብርሃን ላይ ከአንዲት ባልቴት ቤት ጥግ ተከራየሁ።

የኔታን ያስገቧቸው ከካፒቴኑ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለ አሮጌ የእህል ጎተራ ነው። ከሰው ቤት የተሰበሰበ መጽሐፍ እስከ ጣሪያው ተከምሮበታል። እግዜር ይቅር ይበላቸውና መጀመሪያ ሲያዩት ፊታቸው በራ። እንደዚያ ያለ ክምር በሕልማቸውም አይተው አያውቁም ነበር። አንዷ መስኮት ወደ ገበያው አደባባይ ታሳያለች፤ አደባባዩ ላይ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት ተተክሏል። ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ሥራው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የባለቤቱ ስም በክር ታስሯል። የኔታ ያነባሉ፣ ከዚያ "ይጎዳል" ወይም "አይጎዳም" ብለው ከነምክንያቱ በወረቀት ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የግጥም መጽሐፍ ደስ አሰኛቸውና የልባቸውን ጻፉ፤ "አይጎዳም፤ እንዲያውም ልብን የሚያነሣሣ ግሩም ሥራ ነው።" በማግሥቱ የመጽሐፉ ባለቤት፣ ከጣርማ በር ወዲህ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ፣ ታስረው መጡና በአደባባዩ ተገረፉ። የኔታ በዚያች መስኮት አዩት። ሰውየውን ያስገረፈቻቸው እሳቸው የጻፏት "ልብን የሚያነሣሣ" የምትለው ቃል መሆኗን ዘርአ ዳዊት በሹክሹክታ ነገራቸው።

ከዚያ ወዲያ ያደነቁትን ሁሉ ይሳደቡ ጀመር። ያማረው ግጥም ሲያጋጥማቸው "የማይረባ፣ አሰልቺ፣ አይጎዳም" ይላሉ። የደከመውን "መልካም፣ አይጎዳም" ይላሉ። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ፣ "ደመቀች፣ ዛሬ አንዲት እንቁ የመሰለች ግጥም ላይ ተፋሁባት" ይሉኛል፤ እንጀራው አይዋጥላቸውም። ብዙ ሰው በስድባቸው ከግርፋት ድኗል፤ ይህን እወቁላቸው። እሳቸው ግን ክፉ በሽታ እንደያዘው ሰው መንመን እያሉ ሄዱ። በኅዳጉ ላይ መጻፍ ክልክል ነው። ከጎተራው መውጣት ክልክል ነው። እውነቱን የሚነግሩት ሰው ከእኔ በቀር የለም፤ እኔም ብሆን ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ነው የምሰማቸው።

በኅዳር ረሺድ ጥጥ ጭኖ ሲመጣ አገኘሁት። የኔታ የላኩበትን ነገርኩት፤ የራሳቸውን መጽሐፍ ይፈልጋሉ። መጀመሪያ "ሰው በገዛ ደጁን" በበርበሬ ስልቻ ውስጥ አድርጎ አመጣልኝና ከማድርበት ቤት ደበቅኩት። ለመስማት ያህል ብቻ ጥቂት ጥቂት በቃሌ እያጠናሁ ምሳ ስወስድ እነግራቸው ነበር። ይበቃ ነበር። ሰው ግን አይበቃውም። "የገብስ እሸት" ናፈቀኝ አሉ።

"የኔታ፣ ያን መጥፎ መጽሐፍ ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"መጥፎ ስለሆነ ነዋ" አሉ። "እዚህ ሁሉም መጥፎ ነው እያልኩ ስዋሽ ነው የምውለው። አንዱን መጥፎ በእውነት መጥፎ ነው ማለት አምሮኛል።"

ምን ልበል? እኔም መልእክቱን አደረስኩ። እሺ ያልኩበት አንደበቴ ይቆረጥ እያልኩ ስንት ዓመት አለቀስኩ።

ረሺድ በታኅሣሥ መጀመሪያ መድበሉን ከጥጥ ጭነቱ መሐል ሸጉጦ ሲመጣ ኬላው ላይ ተያዘ። ጭነቱን ሁሉ በሳንጃ ወጉት። መጽሐፉን አገላበጡት፤ የታተመው ሳይሆን በእጅ የተጻፈው ነው ዐይናቸው ውስጥ የገባው። "ጅብ በዕንባ አይወጣም። ቤቱ የራሱ አይደለም ወይ?" ዱላ ይነሣ ይላል። የተጻፈበት ዓመት አልተጻፈበትም። በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በሸዋ በረሃ አርበኛ በሞላበት ጊዜ፣ ይህን አንብቦ የግጥም እርማት ነው የሚል ጣሊያን ከወዴት ይመጣል?

ማክሰኞ ጠዋት ዘርአ ዳዊት መጽሐፉን ይዞ ጎተራው ገባ። እኔም ቁርጥራጭ ዳቦ ይዤ እዚያው ነበርኩ። መጽሐፉን የየኔታ ጉልበት ላይ አኖረው።

"መሪጌታ፣ ካፒቴኑ የሚለው ይህ ነው" አለ። "ገብረመንፈስቅዱስ የሚባለውን ጸሐፊ ፈልገው ያግኙልን። እርስዎ የሰው እጅ ጽሑፍ ይለያሉ። እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ መጽሐፉን ያመጣው ነጋዴ በገበያው ይሰቀላል።"

"ነጋዴው ምን አለ?"

"አላውቅም አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቁት፤ እንዴት እንደጠየቁት አልነግርዎትም። አላውቅም እንዳለ ነው።"

የኔታ መጽሐፉን አልከፈቱትም። እጃቸውን ከሽፋኑ ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዘርአ ዳዊት ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሞተ ሰው ስም ይስጡኝ እንዳልልዎት፣ የሞተውን ሰው ልጆች ቤት ያቃጥላሉ። ባለፈው ሰላ ድንጋይ ላይ አድርገውታል። እኔ የማውቀው ምንም የለም፤ ማወቅም አልፈልግም።" ብሎ ወጣ። ያወቀ ይመስለኛል። የእጃቸውን ጽሑፍ ሦስት ወር ሙሉ ሲተረጉም ነበር የከረመው።

እኔ ያን ጊዜ ያላመጣሁት ብልሃት አልነበረም። ወደ በረሃ ይውጡ አልኩ፤ ዘበኛው አንድ ነው፣ ዘመዶቻችን ከመንዝ አፋፍ ላይ ናቸው አልኩ። "እኔ ስወጣ ረሺድ ይገባል" አሉ። ጽሑፉ ስለ ግጥሙ ብቻ መሆኑን በወረቀት ያስረዱ አልኩ። ጻፉ፤ ረቡዕን ሙሉ ጻፉ፤ ስለ ጅቡና ስለ አሥራ ሁለቱ ስንኝ የጻፉት ከጻፏቸው ሁሉ የበለጠ ነበር። ካፒቴኑ ሰማና፣ "ይህን ሁሉ ስለ አንድ መጥፎ ግጥም? እንግዲያው ጸሐፊውን በደንብ ያውቁታል" አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ይበሉ አልኩ። የሚቀረኝ ይህ ብቻ ነበር፤ ዝም ይበሉ፣ ጋቢዎን ተከናንበው ዝም ይበሉ።

ሐሙስ ዕለት የረሺድ ሚስት ነሲባ ከአልዩ አምባ በእግሯ ወጥታ መጣች። ከማድርበት ቤት ደጃፍ ውርጩ ገና ሳይለቅ ተቀምጣ አገኘኋት። ግቢ አልኳት፤ አልገባችም።

"ረሺድ ስም አያወጣም" አለችኝ። "ሊያዩት የገቡ ሰዎች የነገሩኝ ይህን ነው። ወላሂ አያወጣም፤ አውቀዋለሁ። እኔም አላወጣም።"

"ነሲባ..."

"እኔ ለምን መጣሽ ብትዪኝ መልስ የለኝም፤ ደመቀች። አምስት ልጅ አለኝ። ቤት መቀመጥ አቃተኝ፣ መጣሁ።" ከዚያ ከወገቧ ጥቅል ቋጠሮ ፈታች። "ይህ የመሪጌታ ነው። በርበሬው ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት።" የኔታ ብዕራቸውን የሚጠርጉባት ትንሽ ጨርቅ ናት፤ ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጋር ተጠቅልላ የነበረች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ነሲባ አልሰደበችኝም። ጨርቋን ሰጥታኝ ወደ እስር ቤቱ በር ሄደችና እዚያ ተቀመጠች።

ያን ዕለት የኔታ "ሰው በገዛ ደጁን" አምጪልኝ አሉኝ። ዘርአ ዳዊት እንደማይፈትሸኝ ነገሩኝ። ከቤት ገብቼ መጽሐፉን አወጣሁ። ምን እንደሚፈልጉ አውቄያለሁ። ገጹን ከፈትኩ፤ "እኔ ብሆን እወጣ ነበር።" ባልቴቷ ጥፍር የምትቆርጥበት ምላጭ ነበራት። ቅጠሉን ከሥሩ ቆርጬ ከደረቴ አስገባሁት። ኃጢአት እንደሆነ አውቃለሁ፤ በቤታችን መጽሐፍ መቁረጥ ሰው ከመቁረጥ ብዙም አይራራቅም። ግን ያ ጽሑፍ ካልታየ ሰውየው ዝም ይሉልኛል ብዬ አሰብኩ። ሞኝ ነበርኩ።

ዓርብ ምሳ ይዤላቸው ስገባ በዋዜማው ያደረስኩላቸውን መጽሐፍ ዘግተውት ተቀምጠዋል። ጾመ ነቢያት ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም፤ ምግቡን ከጥጉ አኖርኩት።

"ደመቀች፣ ከስልሳ ሁለት ቀጥሎ ስልሳ አምስት ነው ያለው" አሉ።

"አይጥ በልታው ይሆናል።"

"አይጥ በምላጭ አትቆርጥም።"

አልተቆጡም፤ ይህ የበለጠ አስፈራኝ። በነጻነት ዘመን አንዲት ፊደል የጎደለች እንደሆን ቤቱን በጩኸት ያፈርሱት ነበር።

"ያኔ አራት ገጽ በዛ ብዬ ነበር" አሉ። "ደራሲውን አረዘመው ብዬ ነቀፍኩት። አሁን አራት ቀን ሆነኝ፤ እጄ ገና መወርወሪያው ላይ ነው። አራት ገጽ አይበቃም፣ ደመቀች። አሳንሶታል። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።"

"የኔታ፣ እሱ ልብ ወለድ ነው" አልኩ። "ብርሃነ መስቀል የሚባል ሰው የለም። በሩም የለም። አንድ ሰው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው።"

"ሰውየውስ የለም" አሉ። "እኔ ግን ፈረድኩበት። ፈሪ ብዬ በቀለም ጻፍኩበት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።"

"ያን ተረት ያወጣው ሰው መካን ነው" አልኳቸው። "የሚጠፋበት የለውም። እኔስ? እርስዎ ሲጠፉ እኔ የት ልድረስ ነው?"

ይህን ስላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይናቸው ዕንባ ሞላ። እጄን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጎተራው ውስጥ እሳት አይፈቀድም። "ፈርቻለሁ" አሉኝ። "ጻፊው ብትዪኝ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው። ያኔ ፈሪ ነው ስል ፈሪ መሆን ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ረሺድ ያውቅ ነበር፤ ነግሮኝ ነበር። ተቆጣሁት።" ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን ፈለጉ፤ አንደኛው ከመጽሐፍ ክምር ሥር ገብቶ ነበርና ተንበርክኬ አወጣሁላቸው። ይህን የማደርገው እኔ መሆኔ አሁንም ያስቀኛል፤ ሊሄዱ ሲሉ ጫማቸውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ዘበኛውን ጠሩት። "ለዘርአ ዳዊት ገብረመንፈስቅዱስ ተገኝቷል በለው" አሉት።

ከካፒቴኑ ፊት የሆነውን ኋላ የነገረኝ ዘርአ ዳዊት ነው። ጠጥቶ ነበር፤ ካልጠጣ አይነግረኝም ነበር። የኔታ ቆመው፣ ጽሑፉ የእኔ ነው፣ ነጋዴው ማንበብ እንኳ አይችልም፣ የያዘውን አያውቅም አሉ። ካፒቴኑ፣ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ስለ ግጥም የተጻፈ ነው ያሉትን አስተረጎመ። ዘርአ ዳዊት የሚያድናቸው ይህ ነው ብሎ አስቦ አሳምሮ ተረጎመው። ካፒቴኑም፣ "ያኔ ስለ ግጥም ነበር እንበል። ዛሬስ? ዛሬ ሲያነበው እርማቱን ይሰርዘዋል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አንዲት "አዎ" ትበቃ ነበር። ዘርአ ዳዊት በዐይኑ ለመናቸው።

ሦስት ወር ሙሉ ያላመኑበትን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። "አልሰርዝም" አሉ። "እርማቱ ልክ ነው።"

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበያው ላይ ሰው አልተሰቀለም። ረሺድን እኩለ ቀን ላይ ለቀቁት፤ ካፒቴኑ የአልዩ አምባን ነጋዴዎች ማስከፋት አልፈለገም ይባላል። ነሲባ በቀኝ፣ እኔ በግራ ደግፈነው ነበር፤ እግሩ አይረግጥም። የኔታን ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር በካሚዮን ጭነው በአዲስ አበባ መንገድ ሲወስዷቸው ሦስታችን መንገድ ዳር ቆመን አየን። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። ረሺድን አዩት፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ካሚዮኑ እስኪጠፋ ረሺድ ቆሞ ቀረና፣ "በሩ የእርስዎ አይደለም ብያቸው ነበር" አለ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር ከአፉ አልሰማሁትም።

በሠላሳ ሦስት ከባሕር ማዶም ከሱማሌ ምድር እስር ቤቶችም የተጋዙት ሲመለሱ፣ አንኮበር የገቡትን ሁሉ እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንድ ሰው፣ ካሚዮኑ ላይ አብሬያቸው ነበርኩ፣ ደናኔ የሚባለው የሱማሌ ምድር እስር ቤት ስንደርስ ግን ለዩን አለኝ። ሌላ ያያቸው ሰው የለም። መቃብር የለም፣ ወሬም የለም። ተዝካራቸውን ያወጣሁት ነፍስ አባታቸው በገብረመንፈስቅዱስ ስም ጸሎት አድርሰው ነው፤ በዚያ ስም ነውና የሚታሰቡት። ረሺድ ከአልዩ አምባ ለድግሱ ሁለት ሙክት ሰደደ፤ እሱና ነሲባም ከደጅ ዛፍ ሥር እስከ ማታ ተቀምጠው ዋሉ።

"የገብስ እሸት" ካፒቴኑ ጋ ቀርቶ ጠፋ፤ የልብስ አጣቢዋ ግጥም ለምን እንደምታምር ሳይታወቅ ቀረ። የቆረጥኩት ቅጠል ግን እኔ ጋ አለ። ወደ መጽሐፉ ልመልሰው ብዬ ብዙ ጊዜ ሙጫ አዘጋጅቼ ተውኩት። እኔ በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ ይህ የየኔታ ሥራ ነበር፣ ለእኔ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ካሚዮኑ በሄደ በሦስተኛው ቀን ግን ነሲባ በሰጠችኝ ጨርቅ ብዕራቸውን ጠርጌ በዚያ ቅጠል ኅዳግ ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩ። የእኔ ፊደል ትልልቅና ጠማማ ነው፤ ከእሳቸው ደቃቅ ጽሕፈት ሥር ሲታይ ያሳፍራል። እሳቸው "እኔ ብሆን እወጣ ነበር" ይላሉ። ከሥሩ እኔ፣ "ወጡ" ብያለሁ።